«ሞንቴሶሪ» የሚል ጽሑፍ በር ላይ ስላለ ልጄን ላዛውረው?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ጅማ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 7 ዓመቱ ሲሆን በግል ትምህርት ቤት 1ኛ ክፍል ይማራል። ከጥቅምት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ እያለ ያለቅሳል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ደህና ነው። የቤት ሥራው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያቆየናል። በመጀመሪያው መንፈቅ ካርዱ ላይ 31ኛ ወጥቶ መጣ። ጎረቤቶቼ በቅርቡ የተከፈተ፣ በበሩ ላይ ‹ሞንቴሶሪ› እና ‹ሁለንተናዊ ትምህርት› ብሎ የጻፈ ትምህርት ቤት ጠቁመውኛል፤ ክፍያው ግን እጥፍ ነው። ፈተናም ደረጃም የለም ይላሉ። ባለቤቴ ‹በጨዋታ ማን ተማረ? ሚኒስትሪ ሲደርስ ይወድቃል› ብሎ አልተስማማም። ላዛውረው ወይስ እዚያው ይቆይ? ታናሽ እኅቱም በመጪው ዓመት 4 ዓመት ይሞላታል፤ የእሷንስ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ ጥያቄዎ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ ላይ ይዟል። አንደኛው ልጅዎ አሁን ያለበት ጭንቀት ነው፤ ይህ እስከ መስከረም የሚጠብቅ አይደለም። ሁለተኛው የትምህርት ቤት ምርጫ ነው፤ ይህ ደግሞ ተረጋግተው፣ በዓይንዎ አይተው፣ ከባለቤትዎ ጋር ተመካክረው የሚወስኑት ነው። ብዙ ወላጆች ሁለቱን ስለሚያደባልቁ የልጁን ሕመም በዝውውር ለማከም ይሞክራሉ፤ የፍርሃቱ ምንጭ ሳይታወቅ የተዛወረ ልጅ ግን ፍርሃቱንም ይዞ ነው የሚዛወረው። ስለዚህ ከሆዱ ልጀምር።

ልጅዎ «ሆዴን» ሲልዎ አይዋሽም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ጭንቀቱን የሚናገርበት ቃል ገና የለውም፤ አንጀትና አንጎል ደግሞ በነርቭ የተሳሰሩ በመሆናቸው የፈራ ልጅ ሆዱን በእርግጥ ይቆርጠዋል። ሕመሙ በትምህርት ቀን ጠዋት መጥቶ ቅዳሜና እሑድ መጥፋቱ ምንጩ ከትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ መሆኑን አጥብቆ ይጠቁማል። ይህም ሆኖ በቅድሚያ ጤና ጣቢያ ወስደው የሰገራ ምርመራ ያሠሩለት፤ ጃርዲያና የአንጀት ትላትል በአካባቢያችን ልጆች ዘንድ የተለመዱ ናቸው፣ ጭንቀት አለበት ማለትም ሌላ ሕመም የለበትም ማለት አይደለም። ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ሕመም፣ የክብደት መቀነስ፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ ትኩሳት ወይም ተደጋጋሚ ማስመለስ ካለ ግን ጉዳዩ የጭንቀት ነው ብለው ሳይዘናጉ ሆስፒታል ይውሰዱት። ዓይኑንና ጆሮውንም ያስመርምሩ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰሌዳው የሚደበዝዝበት ልጅ የሚገለብጠው ሁሉ ስሕተት ይሆናል፣ ስሕተቱም እንደ ስንፍና ይቆጠርበታል፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል የሚደረግ አንድ ምርመራ ለዓመታት «ሰነፍ» ሲባል የኖረን ልጅ ታሪክ ሊለውጥ ይችላል።

በምርመራው ምንም ካልተገኘ ከትምህርት ቤት አያስቀሩት። ማስቀረት ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ ቤት በዋለ ቁጥር ሕመሙ ወዲያው ስለሚለቀው መፍትሔው መቅረት ነው ብሎ ይማራል፣ በማግሥቱ መመለሱም የባሰ ይከብደዋል። ጠዋት ላይ ረጅም ምክርም ቁጣም አይጠቅምም። «ሆድህን እንዳመመህ አምንሃለሁ፤ እስከ በሩ አብረን እንሄዳለን፤ ስትለቀቁ በሩ ላይ ታገኘኛለህ» ማለት ይበቃል፤ ያሉትን ሰዓት ደግሞ ሳያሳልፉ ይገኙ። ለጥቂት ሳምንታት በባጃጅ ወይም በሰርቪስ ከመላክ ይልቅ እጁን ይዘው ቢያደርሱት የተሻለ ነው።

የሚፈራውን ነገር ለማወቅ «ምን ሆንክ?» ብሎ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ «ምንም» ከሚል መልስ በቀር አያስገኝም። ከዚያ ይልቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይጫወቱ፤ እሱ መምህር ይሁን፣ እርስዎና ታናሽ እኅቱ ተማሪዎች ሁኑ። ከዚያም እርስዎ ሆን ብለው አንድ ፊደል ይሳሳቱና ምን እንደሚያደርግ ይመልከቱ። ማስመሪያ ፈልጎ «መዳፍሽን ዘርጊ» ይላል? «ተንበርከኪ» ይላል? እኅቱን አስጨብጭቦ ያስቅብዎታል? ወይስ አጠገብዎ መጥቶ እጅዎን ይዞ ያስጽፍዎታል? ልጆች በጨዋታ የሚያሳዩት መምህር አብዛኛውን ጊዜ ያዩትን ወይም የሚፈሩትን መምህር ነው። አንድ ጨዋታ ማስረጃ አይሆንም፣ ማንንም ለመክሰስም አያበቃም፤ ትምህርት ቤቱ ሄደው ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ግን ያሳይዎታል። ምክንያቱ ከመምህር ውጭም ሊሆን ይችላል፦ ንጽሕናው ያልተጠበቀ ወይም በሩ የማይዘጋ መጸዳጃ ቤት (ቀኑን ሙሉ ሽንታቸውን ይዘው የሚውሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም)፣ ምሳ ዕቃውን የሚቀማ ትልቅ ልጅ፣ በሰርቪስ ውስጥ የሚደርስበት ነገር።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። በቅድሚያ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው «ሞንቴሶሪ» የሚለውን ስም ማንም በሩ ላይ ሊለጥፈው እንደሚችል ነው። በአሜሪካ እንኳ የንግድ ምልክቶችን የሚመለከተው አካል በ1967 እ.ኤ.አ. ስሙ የትምህርት ዘዴ የወል መጠሪያ እንጂ የአንድ ድርጅት ንብረት አይደለም ብሏል። «ሁለንተናዊ» እና «ሕፃን ተኮር» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ጽሑፉ ስለ ክፍሉ ምንም አይነግርዎትም፤ የሚነግርዎት የክፍሉ ውሎ ነው።

ዘዴው ራሱ ግን ክብር የሚገባው ነው። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈቱት ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ጠባቂ ላጡ ልጆች ነበር። ዛሬ በየከተማው ለባለጸጋ ቤተሰብ ብቻ እንደተፈጠረ ሆኖ መሸጡ ያሳዝነኛል። በትክክል በሚሠራበት ክፍል ውስጥ የሦስት ዓመት ልዩነት ያላቸው ልጆች፣ ለምሳሌ ከ3 እስከ 6 ወይም ከ6 እስከ 9 ዓመት ያሉት፣ አብረው ይውላሉ፤ በደወል ያልተቆራረጠ የሦስት ሰዓት ያህል የሥራ ጊዜ አላቸው፤ መምህሯ ለመላው ክፍል ከማስተማር ይልቅ ለአንድ ወይም ለጥቂት ልጆች ታሳያለች፤ መሣሪያዎቹም ልጁ ሲሳሳት ራሳቸው ስሕተቱን እንዲያሳዩት ሆነው የተሠሩ ናቸው። ባለቤትዎ «ጨዋታ» ያሉት ይህን ከሆነ፣ ልጁ በዚህ ክፍል የሚውለው በትጋት ነው፤ ልዩነቱ ትጋቱ ከፍርሃት የሚመጣ አለመሆኑ ነው።

በእኛ ፊደል እንዴት እንደሚሠራ ላሳይዎት። ቤትዎ ውስጥ አሁኑኑ ሊሞክሩት ይችላሉ፤ በቁራጭ ወረቀት ላይ «ሚ»፣ «ሩ»፣ «ቤ»፣ «ሶ»፣ «ላ» ብለው ቅደም ተከተላቸውን ሳይጠብቁ ይጻፉና ያስነብቡት። «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» እያለ በዜማ ሳይደናቀፍ የሚወርድ ልጅ እዚህ ላይ ቢደናገር አይገረሙ፤ ቅደም ተከተሉን በጆሮው ያዘ እንጂ ቅርጹን በዓይኑ አልለየም ማለት ነው። በጥሩ የሞንቴሶሪ ክፍል ፊደሉ ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጦ በጣውላ ላይ ይለጠፋል፤ ልጁ በሁለት ጣቱ የአጻጻፉን አቅጣጫ እየተከተለ ይዳስሰዋል፣ ድምፁንም ይላል። ቆይቶ ካርዶቹን ራሱ ሲመድብ የካዕብ ምልክት በአብዛኛው በቀኝ ጎን መሐል ላይ የምትወጣ ሰረዝ መሆኗን ማንም ሳይነግረው ያገኛል፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ቅርጽ ሲባዙ የሚሆኑት 231 ቅርጾችም አንድ በአንድ የሚሸመደዱ መሆናቸው ይቀርና ሥርዓት ያላቸው ይሆኑለታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ብርጭቆ ወረቀት፣ ማጣበቂያና ጣውላ ነው። ለቁጥር ደግሞ አሥር አሥር እየተደረገ በስኒ የሚቀመጥ የቡና ፍሬ፣ ለክፍሉ ዕቃ ደግሞ በበርጩማ ሥራው የታወቀው የጅማ አናጢ በልጅ ቁመት ልክ የሚሠራው መደርደሪያ ይበቃል። ክፍያው እጥፍ የሆነው መሣሪያው ከውጭ ስለሚመጣ ነው ቢሉዎት ይህ ምክንያት ብቻውን አያሳምነኝም።

ሌሎችም ተመሳሳይ ፈለጎች አሉ። ሩዶልፍ ሽታይነር በ1919 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሽቱትጋርት የጀመሩት የዋልዶርፍ ትምህርት ለእጅ ሥራ፣ ለተረትና ለሙዚቃ ሰፊ ቦታ ይሰጣል፣ መደበኛ ንባብንም እስከ 7 ዓመት አካባቢ ያዘገያል፤ በጣሊያን ሬጆ ኤሚሊያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋው ደግሞ ከልጆቹ ጥያቄ የሚነሣ የጋራ ሥራ ላይ ያተኩራል። ጎረቤቶችዎ የጠቆሙት ትምህርት ቤት ሁሉንም ቀላቅዬ እሠራለሁ ካለዎት በየትኛው ዕድሜ ንባብ እንደሚጀምሩ ለይተው ይጠይቁ።

ውጤቱን በተመለከተ በ2006 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካዋ የሚልዋኪ ከተማ የታተመ አንድ ጥናት ለባለቤትዎ ሥጋት ቀጥተኛ መልስ አለው። ተመራማሪዎቹ ያወዳደሩት በዕጣ ሞንቴሶሪ የደረሳቸውን ልጆች ተመዝግበው ዕጣው ካልደረሳቸው ጋር ነበር፤ ስለዚህ ልዩነቱ የመጣው ወላጆቻቸው ስለሚተጉ ነው ለማለት አይመችም። የ5 ዓመቶቹ የሞንቴሶሪ ልጆች ፊደልና ቃል በመለየት፣ በሒሳብ፣ ራሳቸውን በመግዛትና ከጓደኛ ጋር የተፈጠረን ችግር በመፍታት በልጠው ተገኙ። የ12 ዓመቶቹ በተለመዱት የትምህርት ፈተናዎች ከሌሎቹ ጋር እኩል ነበሩ፤ ድርሰታቸው ግን የበለጠ ፈጠራ ነበረው፣ ትምህርት ቤታቸውንም እንደ ወገናቸው ያዩት ነበር። ከዚህ የምረዳው ተአምር የለም፣ ወደ ኋላ መቅረትም የለም ነው። ከተመራማሪዎቹ አንዷ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ ብልጫው ጎልቶ የታየው ዘዴውን በታማኝነት በሠሩት ክፍሎች እንጂ ስሙን ይዘው ከመልመጃ ወረቀት ጋር በቀላቀሉት አልነበረም።

ዘዴው የፈረንጅ ነው ለሚል ሰው ደግሞ የራሳችንን ላስታውስ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንዱ ልጅ ፊደል ሲቆጥር ሌላው ንባብ፣ ሦስተኛው ዳዊት ላይ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጥላ ሥር ሆነው በየአቅማቸው ይሄዳሉ፣ የበሰለውም ጀማሪውን ያስቀጽላል። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የእስልምና ትምህርት ማዕከል በሆነችው በጅማ በቁርኣን ቤቶችም ልጁ የራሱን የእንጨት ሰሌዳ ይዞ የደረሰበትን ለመምህሩ ያሰማል እንጂ ከጎኑ ካለው ጋር አይሽቀዳደምም። በየአቅም መሄድና ትልቁ ትንሹን ማስተማር ለእኛ እንግዳ አይደሉም። መተው የነበረበት አለንጋው ነበር፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን አለንጋውን ወርሶ በየአቅም መሄዱን ተወው።

የእኔ ዋና ምክር እዚህ ላይ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ሄዳችሁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል በክፍሉ ጥግ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ አይፈቀድም ካሏችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። ከግድግዳው ሥዕል ይልቅ አንድ ነገር ተመልከቱ፦ ልጅ ሲሳሳት ምን ይሆናል? የ4 ዓመት ልጅ ውኃ ከጆግ ወደ ኩባያ ሲቀዳ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰ እንበል። በአንዱ ክፍል መምህሯ «ኧረ! ምን ሆነህ ነው?» ብላ እየሮጠች ትመጣለች፣ ራሷ ትወለውላለች፣ ልጁም እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። በሌላው ክፍል መምህሯ ታያለች፣ አትንቀሳቀስም፤ ልጁ ከመስቀያው ጨርቁን ያወርዳል፣ ይወለውላል፣ ባልዲው ላይ ይጨምቃል፣ ጨርቁን ይመልሳል፣ ጆጉን በሁለት እጁ ይዞ እንደገና ይቀዳል፤ በዚህኛው ጊዜ ኩባያው ሳይሞላ ያቆማል። የሁለቱም ትምህርት ቤት በር ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሊኖር ይችላል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ግን ሁለተኛውን ነው። ልጅዎ ሆዱን የሚያመው የ1ኛ ክፍል ትምህርት ስለከበደው ላይሆን ይችላል፤ ስሕተት በሚያስቀጣበት ቦታ በየቀኑ መሳሳት ግን ማንንም ያሳምማል።

በዚያው ጠዋት ሌላም ይታያል። መሣሪያው በልጆች እጅ ያረጀና የተፋተገ ነው ወይስ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎ ለእንግዳ ይታያል? ልጅ ልጅን ሲመታ ታላቅ ሰው በእርጋታ ግን በጽኑ ያስቆማል? ልጅን እንደፈለገ መተው ሕፃን ተኮር ትምህርት አይደለም፤ ወሰን የሌለበት ክፍል ልጅዎን የበለጠ ያስፈራዋል። ርእሰ መምህሩን ደግሞ ከከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ እንዳላቸው፣ የክልሉን ሥርዓተ ትምህርት እንደሚሸፍኑ፣ መምህራኑ ስንት ዓመት እንደቆዩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘዴው ከኬጂ አልፎ 1ኛና 2ኛ ክፍል ድረስ እንደሚሠራበት ይጠይቁ። ኬጂውን ብቻ በዚህ መንገድ አሠርተው 1ኛ ክፍልን እንደ ማንኛውም ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ከሆነ ለልጅዎ የሚለወጥ ነገር አይኖርም።

ቋንቋንም ችላ አይበሉ። የጅማ ልጅ ቤቱ አማርኛ፣ ሰፈሩ አፋን ኦሮሞ፣ የግል ትምህርት ቤቱ ደግሞ እንግሊዝኛ ሊሆንበት ይችላል። ሁለትና ሦስት ቋንቋ መስማት ልጅን አይጎዳም፤ የሚጎዳው በማያውቀው ቋንቋ ብቻ እንዲያስብ መገደዱ ነው። በሠፈር ተረት ሲያወራ የሚውል ልጅ ክፍል ሲገባ ዝም የሚል ከሆነ «ዓይን አፋር» ከመባሉ በፊት የሚጠየቀው በየትኛው ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ ካልሆነ አትናገሩ ብሎ የሚቀጣ ትምህርት ቤት ምንም ያህል መሣሪያ ቢኖረው ሕፃን ተኮር ነው ልለው አልችልም።

ስለ ፈተና ለባለቤትዎ በአክብሮት የምለው ይህን ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አይቀርም፣ ልጁም ለዚያ መዘጋጀት አለበት፤ ዝግጅቱ ግን በ7 ዓመት በደረጃ ማስጨነቅ አይደለም። ደረጃ ስንቱ ከፊቱ እንዳለ ይናገራል እንጂ ልጁ ምን እንዳወቀ አይናገርም። ልጆቻችን ከኬጂ ጀምሮ በፈተናና በደረጃ እየተለኩ ነው የሚያድጉት፤ ይሁንና በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያት ብዙ ነው፤ ማስጨነቁ ግን እንዳልታደጋቸው ግልጽ ነው። 6ኛ ክፍል የሚያሳልፈው ያነበበውን የሚረዳና ሲሳሳት እንደገና የሚሞክር መሆኑ ነው።

ዝውውሩ ቢቆይም ባይቆይም አሁን ባለበት ትምህርት ቤት በዚህ ሳምንት የሚደረግ ነገር አለ። የክፍሉን መምህርት በኮሙኒኬሽን ደብተር ሳይሆን በአካል ያነጋግሯት፤ ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል የያዘች መምህርት ጠላትዎ አይደለችም፣ ስለ ሆዱ ሕመም ሰምታም ላታውቅ ትችላለች። ከፊት እንዲቀመጥ፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ከሚጠየቅ ለጊዜው ቦታው ሆኖ እንዲመልስ ይጠይቋት። ቅጣት እንዳለ ካረጋገጡ ግን በጨዋነትና ያለ ፍርሃት ለርእሰ መምህሩ ያንሡ፤ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የቤት ሥራውን በተመለከተ የ7 ዓመት ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣ ልጅ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል መተኛት አለበት። ሠላሳ ደቂቃ ሠርቶ ያልጨረሰውን ደብተሩ ላይ «እዚህ ድረስ በራሱ ሠርቷል» ብለው ፈርመው ይመልሱ። እርስዎ የጨረሱለት የቤት ሥራ ለመምህርቷም የተሳሳተ ነገር ይነግራታል።

ይህን ሁሉ አድርገው ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ልቅሶው ካልቀነሰ፣ ወይም የሚወደውን ጨዋታ ከተወና ቅዳሜም መከፋት ከጀመረ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሕፃናት ወይም የአእምሮ ጤና ክፍል ያሳዩት። በትምህርት ቤቱ ጉዳት እየደረሰበት መሆኑን ካረጋገጡና አመራሩ ካልሰማዎት መስከረምን አይጠብቁ፤ በዓመቱ አጋማሽም ቢሆን ያውጡት። እንዲህ ካልሆነ ዓመቱን እዚያው ቢጨርስና ክረምቱን ቢያርፍ እመርጣለሁ። አዲሱ ትምህርት ቤት ያን ጠዋት ተቀምጣችሁ ያያችሁትን ፈተና ካለፈና ክፍያው ቤታችሁን የማያናጋ ከሆነ ያዛውሩት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ወራት ምን ላድርግ እያለ መምህሯን ቢከተል አይደንግጡ፣ እስከ ዛሬ የኖረው በትእዛዝ ነውና። ክፍያው የሚያስበድራችሁ ከሆነ ግን አያዛውሩት፤ በየወሩ የክፍያ ጭቅጭቅ የሚሰማ ልጅ ከዝውውሩ የሚያገኘውን ጥቅም ያጣዋል፣ ከላይ ያልኳቸው ለውጦችም አሁን ባለበት ሊደረጉ የሚችሉ ናቸው።

ለታናሽ እኅቱ አይቸኩሉ። መንግሥት የቅድመ አንደኛ ደረጃን ሁለት ዓመት አድርጎ 1ኛ ክፍልን በ7 ዓመት ያስጀምራል፤ የ4 ዓመት ልጅ ቤት ብትቆይ የሚያመልጣት ነገር የለም። በዚሁ በጅማ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ጥናት በከፍተኛ ድህነት ውስጥ ያሉ ሕፃናት ቤታቸው ድረስ በመጣ የጨዋታ ድጋፍ በቋንቋና በማኅበራዊ ዕድገት እንደተሻሻሉ አሳይቷል፤ ያስፈለገውም ውድ ዕቃ ሳይሆን ጊዜ የሚሰጥ ሰው ነበር። ሽሮ በወንፊት ትንፋ፣ ምስር ትልቀም፣ ሲኒ በቁጥር ትደርድር፣ ማታ ማታ ተረት ይንገሯት፣ የጀመረችውንም ስታበላሽ እስክታስተካክለው ይጠብቋት። 5 ዓመት ሲሞላት ለወንድሟ የመረጡት ቦታ እንዴት እንደሆነ በአንድ ዓመት አይተውታልና የእሷ ውሳኔ ይቀልልዎታል።